ሰመራ ላይ ያስነቀልኩት ግራር

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ዛፍ አስተምሬአለሁ፤ ዛፉን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ይህንን ለተማሪዎቼ ነግሬአቸው አላውቅም፤ እነሱም ጠይቀውኝ አያውቁም። ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ ስለ አፋር ቆላ ማስተማር ቀላል ነው። ብርዱ ተማሪውን ከክፍል አያስወጣውም፤ መምህሩም ሹራብ ደርቦ፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየ፣ "ይህ መጤ ዛፍ ፕሮሶፒስ ይባላል። በደርግ ዘመን በረሃውን ያለማል ተብሎ ተተከለ፤ ዛሬ የአዋሽን ሸለቆ ግጦሽ እየዋጠ ነው" ይላል። ተማሪው ይጽፋል፤ ሰዓቱ ያልቃል።

ባለፈው በጋ ከሰመራ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው አሲያ ትባላለች፤ እዚያ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የዛፍና የአትክልት ሥራ ኃላፊ ናት። ዛፉ በአጥሩ ሥር ገብቶ፣ የፍሳሽ መውረጃውን ተከትሎ የተማሪዎች ማደሪያ ጀርባ መድረሱን፣ ነቃይ ሠራተኞችም መዘጋጀታቸውን ነገረችኝ። "ስለ ዛፉ ያሳተሙትን ጽሑፍ አንብበነዋል፤ መጥተው ቢያሳዩን" አለች። "ቢያሳዩን" የምትለዋ ቃል ልቤን አሞቀችው። ባለቤቴ ስትሰማ፣ "አንተ የጓሮውን ጎመን ከአረሙ መች ትለያለህና ነው?" አለችኝ። ቀንታ ነው ብዬ ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን

ከቤት የወጣሁት በሹራብ ላይ ካፖርት፣ በካፖርት ላይ ጋቢ ደርቤ ነው። አዲስ አበባ ላይ መኪና ስቀይር ጋቢውን አጣጠፍኩ። አዳማ ላይ ካፖርቱን አወለቅኩ። መተሐራ ስንደርስ ሹራቡ ወረደ፤ አዋሽ ስገባ ልብሴን ሁሉ ታቅፌ፣ ባሏ እንዳባረራት ሴት ከመኪናው ወረድኩ።

ያደርኩት በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ወይዘሮ ዘሐራ የሚባሉ የወሎ ሰው ቤት ነው። ከባለቤታቸው ጋር በልጅነታቸው መጥተው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ግቢውን ማረፊያ አድርገውታል። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ወደ እሳት ጠጋ በል ይባላል። ወይዘሮ ዘሐራ ግን ወንበሬን ከግድግዳው አርቀው ግቢው መሀል ካለ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፤ ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ፣ ቀጥሎም የፍየል ጥብስ አቀረቡልኝ።

ጠገብኩና ማስተማር አማረኝ። ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ያ ክፉ ዛፍ ግጦሹን እንደሚያጠፋ፣ እሾሁ ጎማ እንደሚበሳ፣ ከብት ፍሬውን በልቶ በፋንድያው እንደሚዘራው ዘረዘርኩ። ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብዬ፣

"እንዲህ ያለውን የአገራችንን ግራር ግን መንከባከብ ነው። ይመልከቱት ጥላውን! በረከት ነው" አልኩ።

ወይዘሮ ዘሐራ ወደ ዛፉ አዩ፤ ወደ እኔ አዩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"መምህር፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እሱ እኮ ራሱ ነው።"

"ማን?"

"የሚነቅሉት ነዋ! እኛ ወያኔ ዛፍ እንለዋለን። አፋሮቹ ደግሞ የደርግ ዛፍ ይሉታል። ሁሉም የጠላውን ስም ሰጥቶታል። ሟች ባለቤቴ ከሥር ከሥሩ እየገረዘ አንድ ግንድ ብቻ ትቶለት ነው እንዲህ ያማረው። ወላሂ እሾሁን ግን አልተወም፤ ቀና ሲሉ ዓይንዎን ይጠብቁ።"

የቀረውን ጥብስ አንገቴን ደፍቼ በላሁ። እሳቸው ደግሞ እንዳላፍር ብለው ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ይጠይቁኝ ጀመር። ያን ዕለት ለራሴ አንድ መሐላ ማልኩ፤ ሁለተኛ ግራር ነው ብዬ አልሸወድም አልኩ። የኋላው ጥፋት ሁሉ ከዚህች መሐላ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ቀን

ማለዳ በሚኒባስ ተነሣን። አዋሽ አርባን አልፈን ወደ ገዋኔ ስንቃረብ መጤው ዛፍ በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ አጥር ቆመ። አሁን አውቄዋለሁ፤ ሌላው ሁሉ ደርቆ እሱ አረንጓዴ ነው። እኛ አገር ባሕር ዛፍ መንገዱን እንደሚያጅበው ነው፤ ልዩነቱ ከባሕር ዛፍ ሥር ሰው ማለፍ ይችላል። እዚህ ፍየል እንኳ መግቢያ ፈልጋ ትዞራለች።

ሹፌሩን ፎቶ ላነሣ አንዴ እንዲያቆምልኝ ለመንኩት። "አስፋልቱ ላይ አላቆምም፤ ትልልቅ መኪና ይመጣል" አለ። "ታዲያ ወደ ዳር ወጣ በልልኝ" አልኩት። ወጣ አለልኝ። አራት ፎቶ አነሣሁ። ስመለስ የኋላው ጎማ ተኝቷል።

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ከጎማው የጣቴን ያህል እሾህ ነቀለና ሰጠኝ። "ይሄንንም ፎቶ አንሣው" አለኝ። ተሳፋሪው በፀሐይ ቆሞ ጎማ እስኪቀየር ጠበቀ። አንድ የጂቡቲ ጭነት የሚያጅብ ወጣት፣ "አባታችን፣ ዛፉን ፍለጋ ሲመጡ ዛፉም እርስዎን እየፈለገ ነበር ማለት ነው" ሲል ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? አንዲት እናት ግን የራሷን ልጅ ያስጠለለችበትን ጃንጥላ ግማሹን ወደ እኔ አዘነበለችልኝ። ራሰ በራ መሆኔን አይታ ነው።

ሎጊያ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሎጊያ የከባድ መኪና ከተማ ናት፤ ጋራዥ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ምግብ ቤት፣ መኝታ፣ ደግሞ ጋራዥ። ሩዝ በሥጋ በላሁ። የመኝታ ቤቱ ሰው አልጋዬን አንሥቶ ከክፍሉ ወደ ግቢው አወጣው። እያባረረኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንግዳ የሚከበረው እንዲህ ነው፤ ውስጥ ለሻንጣ፣ ውጭ ለሰው። ጋቢዬን አጣጥፌ ትራስ አደረግኩት።

ሦስተኛው ቀን

ከሎጊያ ሰመራ በባጃጅ ቅርብ ነው። አሲያ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፈጣን፣ ቃል የማታባክን የአፋር ልጅ ናት። "የሠራተኞቹ አለቃ አቶ ገአስ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። የግቢውን ዛፍ አንድ በአንድ ያውቃሉ፤ ከእሳቸው ጋር ዞረው የሚነቀለው ላይ ምልክት ያደርጋሉ" አለችኝ።

እኔ ግን መጠበቅ አልፈለግኩም። ሳይሞቅ ልጨርስ ብዬ ቀይ ቀለሙንና ብሩሹን ተቀብዬ ብቻዬን ወጣሁ። በአጥሩ ዙሪያ ያለው አላስቸገረኝም። ከመስጊዱ መታጠቢያ ጀርባ ስደርስ ግን አራት ዛፎች ተራርቀው ቆመዋል። ከሩቅ ግራር ይመስላሉ። "አሃ፣ ደግሞ መጣህ!" አልኩ፤ የወይዘሮ ዘሐራ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ነበር። ፍሬ ቢኖራቸው እለያቸው ነበር፤ ፍሬያቸው ግን ለፍየል ተራግፎ አልቋል። አራቱንም ቀባኋቸው፤ ነቃዮቹ እንዳይሳሳቱብኝ ሁለት ሁለት ጊዜ።

የመጨረሻውን ስቀባ ከኋላዬ ሰው ቆሞ አገኘሁ። ሸንቃጣ፣ ጢሙን ሂና የተቀባ፣ ሽርጥ ያገለደመ ሽማግሌ ነው።

"ገአስ ነኝ" አለ። ከዚያ ወደ ዛፉ አገጩን አነሣ። "ይሄንንም?"

"ይሄንንም።"

"ይሄኛው..."

"አቶ ገአስ፣ ይህ ዛፍ ሰውን ማታለል ያውቃል። እኔ እንኳ በመንገዴ አንዴ ተታልያለሁ። ከሥሩ ነው።"

ገአስ እጁን ግንዱ ላይ አሳረፈ፤ ቀለሙ መዳፉን ነካው። "እሺ" አለና ሄደ። ዝምታውን አክብሮት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ። ከላይ ቢቆርጡት እንደገና እንደሚያቆጠቁጥ፣ አፈሩን ቆፍረው ከመሬት በታች አንድ ስንዝር ወርደው ሥሩን መቁረጥ እንዳለባቸው ነገርኩ። ይህ እውነት ነው፤ በዚያ ሳምንት ከተናገርኩት ትክክለኛው ምናልባት እሱ ብቻ ነው። ነገሬን እዚህ ላይ ማቆም ስችል ዶማ ተቀብዬ ላሳያቸው ተነሣሁ። ያደረግኩት ነጠላ ጫማ ነበር፤ በዚያ ሙቀት በቆዳ ጫማ መሄድ ሞኝነት መስሎኝ ነው። ሦስት ጊዜ ቆፈርኩ፤ አራተኛው ላይ ወደ ኋላ ስረግጥ እሾሁ የነጠላ ጫማውን ሶል አልፎ እግሬ ገባ። የጮህኩትን ጩኸት መምህር መጮህ የለበትም።

ገአስ ክንዴን ይዞ ወደ ጥላ ወሰደኝ። ሠራተኞቹን በየቦታው አሰማራቸውና አጠገቤ ተቀመጠ። በትንሽ ቢላ ጫፍ እሾሁን እያወጣ፣ ሕመሙን እንድረሳ ይመስለኛል፣ ያወራኝ ጀመር። በአማርኛው ውስጥ "አንቱ" የሚባል ነገር የለም፤ ለሁሉም "አንተ" ነው።

"ይሄ እሾህ ክፉ ነው፤ ያብጣል። የኛ ግራር ይሻላል። የኛው ሁለት ዓይነት እሾህ አለው፤ አንዱ ረጅም፣ ነጭ፣ ቀጥ ያለ። አንዱ አጭር፣ እንደ ድመት ጥፍር የታጠፈ። ሁለቱም ባንድ ቅርንጫፍ። የደርግ ዛፍ የታጠፈ የለውም።"

ይህንን እኔ ራሴ ጽፌዋለሁ። በጽሑፌ ሁለተኛ ገጽ ላይ አለ።

"ገአስ" አልኩ። "መታጠቢያው ጋ ያሉት አራቱስ?"

"የታጠፈ አላቸው።"

"ግራር ናቸው?"

"ግራር ናቸው። ፍሬውን ከአገሬ ከአፋምቦ አምጥቼ ነው የተከልኩት። ሰባት ዓመት ነው። ሰጋጁ ለውዱእ የታጠበበት ውሃ ወደዚያ እንዲወርድ ቦይ አበጀሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

ቢላውን በሽርጡ ጠረገ። "የተማርክ ሰው ነህ። እኔ የማላውቀው በሽታ አይተህባቸው ይሆናል ብዬ ነው።"

ተነሥቼ በአንድ እግሬ ሮጥኩ፤ መሮጥ ከተባለ። ገአስም ነገሩ ገባውና ቀደመኝ። በአፋርኛ እየጮኸ ነበር። ስንደርስ ሦስቱ ቆመዋል፤ አንዷ፣ ትልቋ፣ በጎኗ ተኝታለች። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ላቡን እየጠረገ በደስታ፣ "መምህር፣ እንዳሉት አንድ ስንዝር ወርደን ነው" አለኝ።

ጉድጓዱን አየሁ። ንጹሕ ሥራ ነው። ላይ ላዩን ቢቆርጧት ምናልባት ታቆጠቁጥ ነበር።

"ጥሩ ሠርታችኋል" አልኩትና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ የግቢው ሠራተኞችና መምህራን የሚገኙበት ስብሰባ ነበር፤ ተናጋሪው እኔ ነኝ። አሲያ ቢሮዋ ጠርታ ሻይ አቀረበችልኝ። ፊቷ ተቆጥቷል፤ ግን እንግዳ ነኝ። "አራቱን ዛፎች ማን እንደቀባ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ቀለሙ በስህተት ነው፣ ሠራተኛ ነው የቀባው እላለሁ። እርስዎ ንግግርዎን ያድርጉ" አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሻዩን ጠጥቼ እስክጨርስ ድረስ ተስማምቼ ነበር። አመሰግናለሁ እንኳ ብያታለሁ። አዳራሹ ስገባ ግን ገአስ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ መዳፉ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ገና አልለቀቀም። ቀባ የሚባለው ሠራተኛ እሱ ሊሆን ነው ማለት ነው።

ወረቀቴን አጠፍኩ። "ዛፎቹን የቀባሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "አሲያ ጠብቅ አለችኝ፤ አልጠበቅኩም። ገአስ ሊነግረኝ ነበር፤ አላስጨረስኩትም። ይህንን ዛፍ ከዚህ ሳምንት በፊት አይቼው አላውቅም።" ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጉንጬ ነደደ፤ ይህኛው ሙቀት የሰመራ አልነበረም። "የምነግራችሁን ሁሉ ገአስ ይበልጥ ያውቀዋል" ብዬ ወንበሬን ለቀቅኩለት። ገአስ በአፋርኛ ተናገረ፤ አሲያ አስተረጎመች። እኔ ማስታወሻ ያዝኩ። ስምንት ገጽ ሞላ።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት ገአስ በግቢው ፒክአፕ መጣ። "ና፣ እህቴ ጋ እንሂድ። ፍሬ እናምጣ" አለኝ። ወደ አፋምቦ ሄድን።

በመንገድ ላይ መኪናውን አስቁሞ የልጅነቱን መዋያ አሳየኝ። ሣር የነበረበትን፣ ከብት ያጠጣበትን በጣቱ ይጠቁማል፤ እኔ የማየው የማያስገባ አረንጓዴ ግድግዳ ብቻ ነው። "ከዚህ እስከዚያ ግመል ሲተኛ ታያለህ ነበር" አለ። "አሁን ግመሉ ከገባ ፈላጊ አያገኘውም።" አራቱን ግራሮች ለምን ግቢ ውስጥ እንደተከላቸው ያኔ ገባኝ። እዚህ ቢተክላቸው ይዋጡበታል።

"እናንተ ጋስ እንግዳ ዛፍ የለም?" አለኝ።

"አለ። ባሕር ዛፍ።"

"ነቀላችሁት?"

"ቤት ሠራንበት።"

ሳቀ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነው።

አፋር ዘንድ መንገደኛ ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳያስቀር ይናገራል። ያንን በመጽሐፍ አውቅ ነበር፤ ፍጥነቱን ግን አላውቅም። እህቱ ሐሊማ ገና ከመኪናው ስንወርድ እግሬን አየች፤ ለገአስ አንድ ነገር አለችው።

"ምን አለች?"

"'ግራር የቆረጠው ይሄ ነው?' አለች።"

"አዎ በላት።"

አላት። ሐሊማ ገብታ የግመል ወተት በትልቅ ዕቃ ይዛ ወጣች። ለወንድሟ በትንሹ ቀዳች፤ ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ። እንግዳ ነኝና ልመልሰው አልቻልኩም፤ ጠጥቼ ጨረስኩት። እኛ አገር ዛፍ የቆረጠ ሰው የሚቀርብለት ክስ ነው። ሆዴ ግን በመንገድ ላይ የራሱን ፍርድ ሰጠ፤ ፒክአፑ ሦስት ጊዜ ቆመልኝ። ገአስ በሦስቱም ጊዜ አንገቱን አዙሮ ወደ ተራራው ተመለከተ።

የተጠቀለለውን የግራር ፍሬ ከሐሊማ ግቢ ሳንወጣ አንድ ፌስታል ሙሉ ለቅመን ነበር። የለቀምኩትን ሁሉ ለገአስ አሳይቼ ነው ፌስታሉ ውስጥ የጨመርኩት።

ስድስተኛው ቀን

ከመኪናዬ ሰዓት በፊት አፈር በላስቲክ ሞላን። ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ በፈላ ውሃ መዘፍዘፍ እንዳለበት ተናገርኩ፤ ይህችን እንኳ በእጄ ሠርቼ የማውቃት ነበረች። ገአስ አዘነልኝ።

"ፍየል እያለ ውሃ ለምን ታፈላለህ? ፍየሏ ትበላዋለች፤ በጠጠሯ ይወጣል፤ ይበቅላል።"

"የኔው ይፈጥናል።"

"እሺ፣ ያንተ በዚህ፣ የፍየሏ በዚያ" አለና መሀላቸው ላይ ድንጋይ አስቀመጠ። አሲያም ዳኛ ሆነች።

ስሰናበት ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት እጁን አነሣ። "በስብሰባው ተናገርክ፤ ሰማሁ" አለ። ከዚያ የእጁን መዳፍ ከእጄ ጋር አገናኝቶ እንደ አገሩ ልማድ እጄን ሳመው፤ እኔም የእሱን ሳምኩ።

ደብረ ብርሃን ስገባ ባለቤቴ እግሬን አይታ ምን ሆነህ ነው አለችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ውሃ በጨው አሞቀችልኝ። ለተማሪዎቼም ነገርኳቸው። ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት፤ አሁን ረዝሟል፤ የገአስ ስምንት ገጽ ገብቶበታል።

ባለፈው ሳምንት አሲያ ደወለች። የአጥሩ ሥር ግማሹ ጸድቷል። የተረፉት ሦስቱ ግራሮች ደህና ናቸው። የፍየሏ ፍሬ ቀድሞ በቅሎ አሁን ቁርጭምጭሚት ደርሷል።

"የእኔስ?" አልኳት።

"የእርስዎ ቆይቶ ነበር፤ ተስፋ ቆርጠን ላስቲኩን ልንደፋው ስንል ትናንት ሁለት ብቅ አሉ። አቶ ገአስ ውሃ እያጠጧቸው ነው።"

"ምን አለ?"

ስልኩን ለእሱ ሰጠችው። የውሃ ድምፅ፣ የፍየል ጩኸት፣ ከዚያ የገአስ ድምፅ መጣ።

"ዘግይተዋል" አለኝ። "ግን መጥተዋል፣ አልሐምዱሊላህ።"

ስለ ችግኞቹ ይሁን ስለ እኔ አልጠየቅኩትም።